በቤት ኮምፒውተር ክሪፕቶ ማይን ማድረግ ምንድን ነው?

ባሕር ዳር ላፕቶፕ የሚጠግን ሰው ይህ ጥያቄ አያልፈውም። ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች፣ ከፖሊም ከፔዳም፣ የሚመጡ ልጆች ኪቦርድ ወይም ስክሪን ሊያስቀይሩ ይገባሉ፤ ወሬው ዞሮ ዞሮ እዚያው ይደርሳል። «ጋሼ፣ ይቺ ላፕቶፕ ማይን ታደርጋለች?» ታደርጋለች። ግን አታዋጣም። ለምን እንደማታዋጣ ረጋ ብሎ ማስረዳት ያስፈልጋል፤ በዚህ ስም ገንዘባቸው የሚበላባቸው ልጆች ብዙ ናቸውና።

ከመሠረቱ እንጀምር። ክሪፕቶ በኮምፒውተር ላይ ብቻ ያለ ገንዘብ ነው፤ ዋናው ቢትኮይን ይባላል። ቢትኮይን ባንክ የለውም። ማን ለማን ስንት ላከ የሚለው የተጻፈበት መዝገብ በዓለም ዙሪያ በሺዎች በሚቆጠሩ ኮምፒውተሮች ላይ አንድ ዓይነት ሆኖ ተቀምጧል። በየ10 ደቂቃው ገደማ አዲስ ገጽ ይጨመርበታል፤ ገጹ ብሎክ ይባላል። ችግሩ ገጹን ማን ይጻፈው የሚለው ነው። ያለ ምንም ልፋት መጻፍ ቢቻል አጭበርባሪ አንዱን ገንዘብ ሁለት ቦታ ይከፍልበታል። ስለዚህ መጻፍ የሚፈልግ ሁሉ መጀመሪያ አድካሚ ሥራ መሥራቱን ማሳየት አለበት። ማይኒንግ ይህ ሥራ ነው።

ሥራው ምን ይመስላል? ኮምፒውተሩ የብሎኩን ጽሑፍ ይወስዳል፣ አንድ ቁጥር ይጨምርበታል፣ ከዚያ ሻ-256 በሚባል ቀመር ውስጥ ያሳልፈዋል። በሌላው በኩል 64 ፊደልና ቁጥር የተደረደረበት ውጤት ይወጣል። ሀሽ ይሉታል። ቀመሩ እንደ ወፍጮ ነው፤ እህሉ ዱቄት ይሆናል እንጂ ዱቄቱ ተመልሶ እህል አይሆንም። የተጨመረው ቁጥር በአንድ እንኳ ቢለወጥ ፍጹም ሌላ ሀሽ ይወጣል። ለማሸነፍ ሀሹ በብዙ ዜሮ መጀመር አለበት። ለቢትኮይን አሁን 19 ገደማ ዜሮ ያስፈልጋል፤ አንድ ዜሮ በተጨመረ ቁጥር ሥራው 16 እጥፍ ይከብዳል። አቋራጭ የለውም። ብዙ ሰው «ከባድ የሒሳብ ጥያቄ መፍታት» ይለዋል፤ እኔ ይህ አባባል ልጆቹን ያሳስታል ባይ ነኝ። ብልሃት የሚጠይቅ ነገር የለበትም። ቁጥር እየቀያየሩ በጭፍን መሞከር ነው፣ በሰከንድ ሚሊዮን ጊዜ።

ቀድሞ ያገኘው ብሎኩን ይጽፍና አዲስ ቢትኮይን ይሸለማል። እ.ኤ.አ. በ2009 ሽልማቱ 50 ነበር። በየ210,000 ብሎክ፣ ማለትም በየአራት ዓመቱ ገደማ፣ በግማሽ ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2024 ወዲህ 3.125 ደርሷል።

አንድ ዘመን ነበር፣ የቤት ኮምፒውተር የሚበቃበት። ሳቶሺ ናካሞቶ የሚባለው፣ ማንነቱ እስከ ዛሬ ያልታወቀው የቢትኮይን ፈጣሪ፣ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 3 ቀን 2009 የመጀመሪያውን ብሎክ ሲያወጣ ተራ ፕሮሰሰር፣ የኮምፒውተሩ ዋና አስሊ ክፍል፣ ይበቃ ነበር። በዓመቱ ሰዎች ለምስልና ለጌም የተሠራው ግራፊክስ ካርድ ብዙ እጥፍ እንደሚፈጥን ደረሱበት። ይህን ቀድመው ከሠሩት አንዱ ላዝሎ ሃኒዬች የሚባል አሜሪካ የሚኖር ፕሮግራመር ነው። በ10,000 ቢትኮይን ሁለት ፒዛ የገዛው ሰው። ቀኑ በእኛ አቆጣጠር ግንቦት 14 ቀን 2002 ነበር። በዚያው ግንቦት እዚህ እኛ ጋ የጣና በለስ የኃይል ማመንጫ ተመረቀ። ከጣና በቁንዝላ በኩል ውሃ በዋሻ ወስዶ ወደ በለስ ወንዝ የሚጥለው፣ 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ነው። በዚያ ወር ደህና ግራፊክስ ካርድ የነበረው የባሕር ዳር ልጅ፣ ነገሩን ሰምቶ ቢሆን ኖሮ፣ እውነተኛ ዕድል ነበረው።

ያ በር የተዘጋው እ.ኤ.አ. በ2013 ኤሲክ የሚባሉ ማሽኖች ሲመጡ ነው። ሻ-256ን ከማስላት በቀር ሌላ ምንም አይችሉም፤ ያችን አንዷን ግን በሚገርም ፍጥነት ይሠሯታል። ተራ ላፕቶፕ በሰከንድ 20 ሚሊዮን ያህል ሙከራ ቢሞክር፣ አዲስ የሚባለው ኤሲክ 200 ትሪሊዮን ይሞክራል። አሥር ሚሊዮን እጥፍ ማለት ነው። የዓለም ማሽን ሁሉ ተደምሮ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2025 በሰከንድ ከ1 ኋላ 21 ዜሮ የሚከተልበትን ቁጥር አልፏል። ያቺ ላፕቶፕ ብቻዋን አንድ ብሎክ ለማግኘት በአማካይ 950 ሚሊዮን ዓመት ይፈጅባታል።

«ብዙ ማሽን ከገባ ብዙ ቢትኮይን አይወጣም ወይ?» ይሉኛል። አይወጣም፤ ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሥርዓቱ በየ2,016 ብሎኩ፣ ሁለት ሳምንት ገደማ ማለት ነው፣ ራሱን ይመዝናል። ብሎክ ከ10 ደቂቃ ፈጥኖ እየወጣ ከሆነ ሥራውን ያከብደዋል፤ ከዘገየ ያቀለዋል። ስለዚህ ማሽን ቢጨመርም የሚከፋፈለው ያው ነው፤ የእያንዳንዱ ድርሻ ብቻ ያንሳል። በጣም ርካሽ መብራትና በጣም ፈጣን ማሽን ያለው ሌላውን ሁሉ ይገፋል። በአገራችን አሉ የሚባሉት ማይነሮችም ኤሲክ በኮንቴይነር ደርድረው፣ ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ጋር ተዋውለው መብራት በብዛት የሚገዙ ኩባንያዎች ናቸው። ዜናውን ሰምቶ «ታዲያ እኔስ?» የሚል ልጅ ልዩነቱን ማወቅ አለበት።

ለቤት ኮምፒውተር የቀረ ነገር የለም ማለት ግን አይደለም። ለግራፊክስ ካርድ ዋናው ኢቴሪየም የሚባለው ክሪፕቶ ነበር፤ እሱ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 15 ቀን 2022 ማይኒንግን ጨርሶ ተወ። ለፕሮሰሰር ግን ሞኔሮ የሚባል ሌላ ክሪፕቶ አለ። እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 2019 ጀምሮ ራንደምኤክስ በሚባል ቀመር ይሠራል፤ ቀመሩ ሆን ተብሎ ለተራ ፕሮሰሰር እንዲመች የተሠራ ነው። ከ2 ጊጋ በላይ ራም ስለሚይዝና የተለያየ ዓይነት ሥራ ስለሚያፈራርቅ ኤሲክ ብዙም አያይልበትም። ብቻውን የሚሞክር ጥቂት ነው፤ አብዛኛው ፑል ይገባል። ፑል ማለት ብዙ ሰው ኃይሉን አዋጥቶ የተገኘውን እንደየሥራው የሚካፈልበት ነው።

እስቲ እናስላው። ከሞኔሮ በየ2 ደቂቃው 0.6፣ በቀን 432 አዲስ ሳንቲም ይወጣል። ላፕቶፓችን በሰከንድ 1,500 ሀሽ ትሥራ፤ የዓለሙን 5 ቢሊዮን ብንል፣ የቀን ድርሻችን 0.00013 ገደማ ነው። አንድ ሙሉ ሞኔሮ ለመያዝ 21 ዓመት፣ ያለ እረፍት። 45 ዋት ብቻ ብትስብ እንኳ ከ8,000 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ትበላለች። የቤት መብራት ታሪፍ ደግሞ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር በኪሎ ዋት ሰዓት ይወደዳል።

«ዶርም ውስጥ እኮ መብራት ነፃ ነው» የሚሉ አሉ። ነፃ አይደለም፤ ዩኒቨርሲቲው ይከፍላል። ላፕቶፑን ደግሞ ቤተሰብ ነው የከፈለበት። ማይን ሲያደርግ የከረመ ላፕቶፕ ስትከፍቱት ወዲያው ያስታውቃል። ፋኑና የማቀዝቀዣው ክንፎች መሀል አቧራው ተጠቅጥቆ እንደ ጨርቅ ይላጣል። ፕሮሰሰሩ ላይ የተቀባው ሙቀት ማስተላለፊያ ፔስት ደርቆ ይፈረፈራል። ባትሪው አብጦ የመዳሰሻ ፓዱን ከታች ይገፋዋል፤ እንዲህ ያለ ባትሪ በእሳት አደጋ ሊያበቃ ስለሚችል ቶሎ ማውጣት ነው። የእኛ የመጋቢትና የሚያዝያ ሙቀት ሲጨመርበት ማሽኑ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ያቺ ትንሿ ድርሻ እንኳ ትወርዳለች። መብራት ሄዶ ሲመጣ የሚያደርሰው ጉዳትም አለ።

ብዙዎች ኢንተርኔት ይበላል ብለው ይፈራሉ። አይበላም። የሚላከውና የሚመጣው ትንሽ ቁጥር ነው። ይህ ግን ሌባንም ይጠቅማል። በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር ክራክ የተደረገ ጌም ወይም ሶፍትዌር ውስጥ የተደበቀ የማይኒንግ ፕሮግራም ሊኖር ይችላል፤ የእናንተ ላፕቶፕ ይደክማል፣ ሳንቲሙ ለሌላ ሰው ይሄዳል። ምልክቱ ዳታ ማለቁ አይደለም፤ ምንም ሳትከፍቱ ፋኑ የሚጮህ ከሆነ ነው። አንዳንዱ የተደበቀ ፕሮግራም፣ በኮምፒውተሩ ላይ ምን እየሠራ እንደሆነ የሚያሳየው ታስክ ማኔጀር ሲከፈት ዝም ይላል፣ ሲዘጋ ይቀጥላል። ታስክ ማኔጀር በከፈታችሁ ቁጥር ፋኑ የሚረጋ ከሆነ ጠርጥሩ።

የስልኩ ነገር ይባስ ያናድደኛል። በቀን አንዴ የሚነካ ቁልፍ ወይም ስክሪን መታ መታ ማድረግ ማይኒንግ አይደለም፤ ስልኩ አንድም ሀሽ አይሠራም። «ይህን ያህል ብር አስገባ፣ እኛ ማይን አድርገን በየቀኑ ትርፍ እንልክልሃለን» የሚል የቴሌግራም ቻናል ደግሞ የቀደመውን ከኋላ በመጣው ብር እየከፈለ የሚቆይ ነው። መጨረሻ ላይ የገባው ሰው ገንዘቡ ይበላል። ቢበላም የት አቤት ይላል? ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. በክሪፕቶ መገበያየት ሕጋዊ እንዳልሆነ አስታውቋል።

ለትምህርት ብሎ መሞከር ግን ጥሩ ነው፤ ልጆቹን አበረታታለሁ። ሞኔሮ ማይን የሚያደርገውን ኤክስኤምሪግ የሚባል ፕሮግራም ከራሱ ድረ ገጽ ብቻ አውርዱ፤ አንቲቫይረስ ይጮህበታል፣ ሌቦችም ያንኑ ፕሮግራም ስለሚጠቀሙበት ነው። ላፕቶፑን አልጋ ላይ ሳይሆን ጠረጴዛ ላይ አድርጉት። ከፕሮሰሰሩ ኮሮች፣ ማለትም ሥራ ከሚካፈሉት ክፍሎቹ፣ ግማሾቹን ብቻ ስጡት። ፑሉ ሥራችሁን ሲቀበል በጥቁሩ ስክሪን ላይ በአረንጓዴ ይጽፍላችኋል፤ ሀሽ ምን እንደሆነ በዓይን የሚታየው ያኔ ነው። ሙቀቱ 85 ዲግሪ ካለፈ አቁሙት።