ሮድ ሬሾ ምንድን ነው? የእሽቅድምድም ሞተር ስትሮክና የቢየላ ርዝመት ምርጫ

ሞተር የሚገጣጥሙ ሰዎች ከተሰባሰቡ የሮድ ሬሾ ነገር ሳይነሳ አይቀርም። አንዱ «ከ1.7 በታች ከሆነ ዙር አይወድም» ይላል፤ በከፍተኛ ፍጥነት መሽከርከር አይችልበትም ማለቱ ነው። ሌላው 1.5 ይዞ ያሸነፈ ሞተር ይጠራበታል። ክርክሩ የቆየ ነው፤ የሚበርድም አይመስልም።

ነገሩ ግን ቀላል ነው። ቢየላ በሲሊንደሩ ውስጥ ወደ ላይና ወደ ታች የሚመላለሰውን ፒስተን ከክራንክ ሻፍቱ፣ ማለትም ከሚሽከረከረው የሞተሩ ዋና ዘንግ፣ ጋር የሚያያይዘው ዘንግ ነው። ርዝመቱ የሚለካው ከላይኛው ቀዳዳ መሀል እስከ ታችኛው ቀዳዳ መሀል ነው። ስትሮክ ደግሞ ፒስተኑ ከላይ ጫፍ እስከ ታች ጫፍ የሚሄደው ርቀት ነው። የቢየላውን ርዝመት ለስትሮኩ ሲያካፍሉት የሚገኘው ቁጥር ሮድ ሬሾ ይባላል። በቃ፣ ይኸው ነው።

ምሳሌ ከሼቭሮሌት ስሞል ብሎክ ቪ8 እንውሰድ። ይህ ሞተር እ.ኤ.አ. በ1955 ወጥቶ ለአሥርት ዓመታት የእሽቅድምድም ሜዳውን የሞላ ነው። «350» የሚባለው ዓይነት (ቁጥሩ የሞተሩ መጠን በኪዩቢክ ኢንች ነው) ስትሮኩ 88.4 ሚሊ ሜትር፣ ቢየላው 144.8 ሚሊ ሜትር ነው። ሬሾው 1.64 ይሆናል። እ.ኤ.አ. ከ1967 እስከ 1969 በሼቭሮሌት ካማሮ ዚ28 መኪና ላይ የተገጠመው «302» ቢየላው ያው 144.8 ነው፣ ስትሮኩ ግን 76.2 ብቻ ነው። ሬሾው 1.9 ደረሰ ማለት ነው። ያ ሞተር የተሠራው ትራንስ አም ለሚባለው የአሜሪካ የመኪና ውድድር የ5 ሊትር ገደብ ነበር፤ ዙር በመውደዱም ስም አውጥቷል። «400» ደግሞ በረጅም ስትሮክና አጠር ባለ ቢየላ 1.48 ላይ ይቀመጣል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። «302 ዙር የሚወደው ሬሾው 1.9 ስለሆነ ነው» ይላል። አይደለም። ስትሮኩ አጭር ስለሆነ ነው። ሬሾው ራሱ ከፍ ያለው በዚያው ምክንያት ነው።

በቁጥር እንየው። 350ውን በደቂቃ 8,000 ዙር ብናሽከረክረው፣ ፒስተኑ ላይኛው ጫፍ ደርሶ ሲመለስ የሚያርፍበት ፍጥንጥነት ከምድር ስበት 4,100 እጥፍ ገደማ ነው። ፒስተኑ ከነፒኑ (ከቢየላው ጋር ከሚያያይዘው ዘንግ) እና ከነፋሻው (ዙሪያውን ከሚከቡት ቀለበቶች) 600 ግራም ቢመዝን፣ ቢየላውን የሚጎትተው ኃይል ወደ 2.5 ቶን ይጠጋል። ይህ በሰከንድ 133 ጊዜ ይደጋገማል። ቢየላና የቢየላ ቡሎን የሚበጠሰው እንግዲህ እዚህ ነው፤ በተለይ የጭስ ማስወጫው ምት ሲያበቃ፣ ከላይ የሚጫነው የጋዝ ግፊት በሌለበት ሰዓት።

አሁን ቢየላውን ብቻ እንቀይር። በ144.8 ፋንታ በገበያ የተለመደውን 152.4 ሚሊ ሜትር እንግጠም። ሬሾው ከ1.64 ወደ 1.72 ይወጣል። ፍጥንጥነቱ ስንት ቀነሰ? 1 በመቶ ትንሽ አለፍ ቢል ነው። ቢየላውን ሳንነካ ስትሮኩን ከ88.4 ወደ 82.55 ብናወርደውስ? 8 በመቶ ይቀንሳል። በአንጻሩ ዙሩን ከ8,000 ወደ 8,500 ብናሳድገው 13 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ኃይሉ የሚያድገው በዙሩ ካሬ ነውና። ስለዚህ የሞተሩን ዕድሜ የሚወስኑት ስትሮክና ዙር ናቸው። ቢየላው በዚህ ሂሳብ ላይ ያለው ድርሻ ትንሽ ነው።

ረጅም ቢየላ ፒስተኑን ላይኛው ጫፍ አካባቢ ትንሽ ያቆየዋል የሚባለውም እውነት ነው። ግን ምን ያህል? ክራንክ ሻፍቱ ከላይኛው ጫፍ ሩብ ዙር ሲዞር ፒስተኑ ግማሽ መንገድ ላይ መሆን ያለበት ይመስላል። ቢየላው ስለሚያጋድል ግን ከግማሽ አልፎ ይገኛል። በ144.8 ቢየላ 51.1 ሚሊ ሜትር ወርዷል፤ በ152.4 ደግሞ 50.8። ልዩነቱ የአንድ ሚሊ ሜትር ሲሶ ነው። አጭር ቢየላ ፒስተኑን ቶሎ ስለሚያወርደው አየር ቶሎ ይስባል፣ ለዝቅተኛ ዙር ይመቻል የሚሉም አሉ። ውጤቱ አለ፤ ግን ቫልቮቹን የሚከፍተውን ዘንግ፣ ካምሻፍቱን፣ በመምረጥ የሚገኘው ለውጥ ከዚህ እጅግ ይበልጣል። ፒስተኑ የሲሊንደሩን ግድግዳ የሚጫንበት የጎን ግፊትም እንደዚሁ ነው። ቢየላው በሁለቱ ርዝመቶች መካከል የሚያጋድልበት ማዕዘን ከአንድ ዲግሪ በታች ነው የሚለያየው።

ታዲያ የእሽቅድምድም ሰዎች ረጅም ቢየላ ለምን ይወዳሉ? ታዋቂው አሜሪካዊ ሞተር ሠሪ ስሞኪ ዩኒክ ሳይቀር የረጅም ቢየላ ጠበቃ ነበር። እኔ የሚያሳምነኝ ምክንያት ፒስተኑ ነው።

የስሞል ብሎክ ቁመት ከክራንክ ሻፍቱ መሀል እስከ ቴስታታው (የሲሊንደሮቹ ክዳን) መቀመጫ 229.2 ሚሊ ሜትር ነው። ይህን ቁመት ከሞላ ጎደል ሦስት ነገሮች ይካፈሉታል፦ የስትሮኩ ግማሽ፣ የቢየላው ርዝመት፣ እና ከፒኑ መሀል እስከ ፒስተኑ አናት ያለው ከፍታ። አንዱ ሲረዝም ሌላው የግድ ያጥራል። በ350ው በ144.8 ቢየላ የፒስተኑ ከፍታ 39.6 ሚሊ ሜትር ነው። ቢየላው 152.4 ሲሆን ወደ 32 ይወርዳል። ፒስተኑ አጠረ፣ ቀለለ። ከ600 ግራም ላይ 50 ግራም ብቻ ቢቀነስ በላይኛው ጫፍ ያለው ጉተታ ከ200 ኪሎ በላይ ይቀንሳል። ረዘም ያለ ቢየላ ራሱ ትንሽ ክብደት ቢጨምርም፣ የተጨመረው ብረት በአብዛኛው ዘንጉ ላይ ነው፤ እንደ ፒስተኑ ሙሉ በሙሉ ወደ ላይና ወደ ታች አይሮጥም።

ይህም ግን ገደብ አለው። በ350 ብሎክ ላይ 95.25 ስትሮክና 152.4 ቢየላ ሲገጠም የፒስተኑ ከፍታ 28.6 ሚሊ ሜትር ይቀራል። ያኔ የፒኑ ቀዳዳ የዘይት ፋሻው መቀመጫ ውስጥ ይገባል። ፋሻውን የሚደግፍ ተጨማሪ ቀለበት ማስገባት ያስፈልጋል። ይሠራል፣ ብዙዎች ይገጥሙታል። ለረጅም ሰዓት ለሚሮጥ ሞተር ግን ፋሻዎቹን እንዲህ አጨናንቄ ሬሾ ላይ ጥቂት ነጥብ ባልጨምር እመርጣለሁ።

እንግዲህ ለከፍተኛ ዙር ስንመርጥ ከየት እንጀምር? ከውድድሩ ደንብ። የሞተር መጠን ከተገደበ፣ ያንኑ መጠን በሰፊ ሲሊንደርና በአጭር ስትሮክ ማግኘት ያዋጣል። 101.6 ሚሊ ሜትር ስፋትና 88.4 ስትሮክ 5.7 ሊትር ይሰጣል። 104.8 ስፋትና 82.55 ስትሮክም ያንኑ ይሰጣል። ሁለተኛው ግን በ8,000 ዙር አማካይ የፒስተን ፍጥነቱ በሰከንድ ከ23.6 ሜትር ወደ 22 ይወርዳል። በዚያ ላይ ሲሊንደሩ ስለሰፋ ቫልቮቹን ማሳደግ ይቻላል፣ የቫልቩ ጠርዝም ከሲሊንደሩ ግድግዳ ይርቃል። ለከፍተኛ ዙር ዋናው ጨዋታ አየር ስለሆነ ይህ ከየትኛውም ሬሾ ይበልጣል። መዘዙ የሲሊንደሮቹ መቀራረብ ነው። በሁለት ሲሊንደሮች መሀል መካከል ያለው ርቀት 111.8 ሚሊ ሜትር ስለሆነ፣ በመካከላቸው የሚቀረው ብረት 7 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው።

መጠን ያልተገደበበት ውድድር ሌላ ነው። እዚያ ስትሮክ መጨመር ቶርክ (የማሽከርከር ጉልበት) ይጨምራል፤ የሚጨምረው ግን የሞተሩ መጠን ስለሚያድግ ነው። ስትሮኩ ሲረዝም የቢየላው ቡሎን ከካምሻፍቱና ከብሎኩ የታችኛው ጠርዝ ጋር እንዳይጋጭ ክራንክ ሻፍቱን በእጅ እያዞሩ እያንዳንዱን ሲሊንደር ማየት ግድ ነው፤ ብዙ ጊዜም ብሎኩ ትንሽ መሞረድ አለበት። ቢየላውን የምመርጠው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። ፋሻዎቹ በምቾት የሚቀመጡበትን አጭር ፒስተን እወስናለሁ፣ የተረፈውን ቁመት ቢየላው ይሞላዋል። ሬሾው ስንት እንደወጣ የሚሰላው ከዚያ በኋላ ነው።