የፈረሱ እግር ምንም አይናገርም

ባሕር ዳር ላይ አስጎብኚ ነኝ። ዓባይ ዳር ወዳለው የሰማዕታት ሐውልት እንግዳ ይዤ ስሄድ «ስለ ሐውልት አላውቅም» የሚል ገጥሞኝ አያውቅም። ሁሉም ያውቃል፤ ግን አሳስቶ።

«ጣሊያንን ለተዋጉት ነው አይደል?» አይደለም። ደርግን ሲታገሉ ለወደቁት ነው።

«ሐውልት ካለ ከሥሩ መቃብር አለ።» ይሄን ያመጣብን ቋንቋችን ነው። በቤተ ክርስቲያን ግቢ መቃብር ላይ የሚሠራውንም፣ አደባባይ የሚቆመውንም ሐውልት እንላለን። የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት አራዳ ነው፣ አስከሬናቸው ግን በዓታ።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። የፈረሰኛ ሐውልት ላይ ፈረሱ አንድ እግሩን ካነሳ ጋላቢው ቆስሎ ነው የሞተው፣ ሁለቱን ካነሳ ጦር ሜዳ ወድቋል፣ አራቱም መሬት ከረገጡ አልጋው ላይ አርፏል ይባላል። ስንቴ እንደሰማሁት! ባለፈው ጣና ዳር ዓሣ እየበላን አንድ ከአዲስ አበባ የመጡ አባት በስቴኪኒ የፈረስ እግር እየሠሩ ለልጆቻቸው ያስረዳሉ። አላስቻለኝም።

«ጋሼ፣ የአራዳው ፈረስ ስንት እግሩን ነው ያነሳው?»

አሰቡ። «የፊት ሁለቱን።»

«ታዲያ እምዬ ምኒልክ አድዋ ላይ ሞቱ?»

ትንሿ ልጃቸው ቀደመቻቸው፤ «ታመው ነው የሞቱት!» ልክ ናት። አድዋ 1888፣ ዕረፍታቸው 1906 ዓ.ም.፣ ቤተ መንግሥታቸው ውስጥ። አባትየው ስቴኪኒውን ሰብስበው ዝም አሉ።

ወሬው በጣም የሚወራው አሜሪካ፣ ጌቲስበርግ የጦር ሜዳ ላይ ነው። እዚያም ቢሆን፣ እዚያ የተዋጋው የጄኔራል ሎንግስትሪት ሐውልት ላይ ፈረሱ አንድ እግሩን አንስቷል፤ ሰውየው ግን ጌቲስበርግ ላይ አልቆሰለም። ቀራፂ የሚጨነቀው ያ ሁሉ ነሐስ በሁለት እግር እንዴት ይቆማል ብሎ ነው። ለሟርት ጊዜ የለውም። እባካችሁ፣ ከእግሩ በፊት ድንጋዩ ላይ የተጻፈውን አንብቡ።

ደግሞ በእንግሊዞች የጦር መቃብር መስቀል ላይ ያለው ሰይፍ ወደ ታች ስለዞረ «ሽንፈት ነው» የሚሉ አሉ። አሸናፊዎቹ ራሳቸው ናቸው ያቆሙት።

እኔም ግን ተሳስቻለሁ። እዚያው መቃብር ትልቁ ድንጋይ ላይ «ስማቸው ለዘላለም ይኖራል» የሚል አለ፤ ኪፕሊንግ የተባለው ባለቅኔ የጻፈው ነው እል ነበር። ወደ ዘጌ ስንሻገር ጀልባ ላይ ይሄንኑ ሳወራ አንድ መሪጌታ ሳቁብኝ። «እሱ መርጦት ይሆናል። ሲራክ ምዕራፍ 44 ነው፣ ልጄ» ብለው ከላይ ጀምረው በግዕዝ ወረዱት።