ስቴክ ፍሪት በቤት ውስጥ፦ ስለ ሥጋውና ስለ ድንቹ የምናምናቸው ስሕተቶች

ፓሪስ ውስጥ በየሰፈሩ ባሉ ትንንሽ ምግብ ቤቶች ስቴክ ፍሪት አይታጣም። የተጠበሰ የበሬ ሥጋ፣ ከጎኑ የድንች ጥብስ፣ ምናልባት ጥቂት ሰላጣና ሰናፍጭ፤ ከዚህ ሌላ ምንም የለውም። ይህን ያህል ቀላል የሆነ ምግብ በቤታችን ስንሞክረው ግን ሥጋው ጠፍር ይሆናል፣ ድንቹም ይልፈሰፈሳል። እጃችን ሥጋ መጥበስ ስለማያውቅ አይደለም። ስለ ስቴክ ከሰው ከምንሰማው ብዙው ልክ ስላልሆነ ነው። እኔ እስካየሁት ድረስ ከስሕተቶቹ አብዛኞቹ ከአንድ ነገር ጋር የተያያዙ ናቸው፤ ከውሃ ጋር።

«ከሥጋው የሚወጣው ቀይ ፈሳሽ ደም ነው»

ብዙ ሰው ስቴኩን እስኪደርቅ የሚያበስለው ይህን ፈርቶ ስለሆነ አስቀድሜ አነሳዋለሁ። ደም መብላት በሃይማኖት በተከለከለበት ቤት ጥያቄው ከባድ ነው፤ በአክብሮት ሊመለስ ይገባዋል። የከብቱ ደም ሲታረድ አብዛኛው ይፈስሳል። ሳህኑ ላይ የምናየው ፈሳሽ በአብዛኛው ውሃ ነው። የሚያቀላው ማዮግሎቢን የሚባል፣ በጡንቻ ውስጥ ኦክስጂን የሚይዝ ፕሮቲን ነው። ሙቀት ሲያገኘው ቀዩ ወደ ሮዝ፣ ሮዙ ወደ ቡናማ ይለወጣል፤ ክትፎ ለብለብ ሲደረግ የምናየው የቀለም ለውጥ ይኸው ነው።

ፈረንሳይኛው ራሱ ስሕተቱን ያባብሰዋል። ከ50 እስከ 55 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውስጡ የሞቀውን ስቴክ «ሴኛን» ይሉታል፤ ትርጉሙ «የሚደማ» ማለት ነው። ከዚያ በላይ እስከ 60 ዲግሪ ያለው «አ ፗን» ይባላል። ፓሪስ ሄዶ «አ ፗን» የሚያዝ ሰው በሌላ አገር መካከለኛ ከሚባለው ይልቅ ቀላ ያለ ሥጋ እንደሚቀርብለት ይወቅ።

«ውጩ ከተጠበሰ ውስጡ ቀይ ቢሆንም ለጤና አያሰጋም»

ይህ ግማሽ እውነት ስለሆነ ይበልጥ ያሳስበኛል። ባልተፈጨ ሥጋ ላይ ባክቴሪያዎች የሚገኙት በአብዛኛው በውጩ ገጽ ስለሆነ የመጥበሻው ሙቀት ይገድላቸዋል። የኮሶ ትል እጭ ግን የሚኖረው በጡንቻው ውስጥ ነው፤ የውጩ ቅርፊት ምንም አያደርገውም። የፈረንሳይ ምግብ ቤት «ሴኛን» የሚያቀርበው ሥጋው በቄራ ተመርምሮ ስለሚመጣ ነው። ከየት እንደመጣ ያልታወቀ፣ ምርመራ ያላለፈ ሥጋ ይዘን ያንኑ ማድረግ የለብንም። የአሜሪካ የግብርና መሥሪያ ቤት ላልተፈጨ የበሬ ሥጋ የሚመክረው ውስጡ 63 ዲግሪ እንዲደርስና ከዚያ 3 ደቂቃ እንዲያርፍ ነው፤ ለተፈጨ ሥጋ ደግሞ 71 ዲግሪ። በ63 ዲግሪ የወጣ ስቴክ ደግሞ አልደረቀም፤ መሐሉ ገና ፈዘዝ ያለ ሮዝ ነው። ሥጋ ላይ የሚወጋ ትንሽ ቴርሞሜትር መግዛት የሚያስቆጭ ወጪ አይደለም።

«ትኩስ ሥጋ ሁልጊዜ ይበልጣል»

ለጥሬ ሥጋና ለጎረድ ጎረድ የዕለቱን ሥጋ እንመርጣለን፤ በዚህ አልከራከርም። ለስቴክ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ከብቱ ከታረደ ከሰዓታት በኋላ ጡንቻው ይገትራል። በቅዝቃዜ ለቀናት ሲቆይ በሥጋው ውስጥ ያሉ ኢንዛይሞች ክሮቹን ቀስ በቀስ ያላላሉ። ፈረንሳዊ ባለ ሥጋ ቤት የበሬ ሥጋን በቀዝቃዛ ክፍል አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ ከዚያም በላይ የሚያቆየው ለዚህ ነው። ጠዋት ታርዶ ማታ የተጠበሰ ስቴክ ቢከብድ ጥፋቱ የጠባሹ አይደለም።

ጭቅና ካልሆነ ስቴክ አይሆንም የሚለውም ልክ አይደለም። ጭቅና ለስላሳ ነው፤ ጣዕሙ ግን ከሌላው ሥጋ ለዘብ ይላል። ለስቴክ ፍሪት ከሚመረጡት አንዱ «አንትርኮት» ነው፤ ቃሉ «በጎድኖች መካከል» ማለት ነው፣ ስብ ጣልቃ የገባበት ሥጋ። «ኦንግሌ» የሚባለው ከድያፍራም (ደረትን ከሆድ ከሚለየው ጡንቻ) አጠገብ የሚወጣ ቁራጭ ደግሞ ባለ ሥጋ ቤቶቹ ለራሳቸው ያስቀሩት እንደነበር ይነገራል። እንዲህ ያለውን ሥጋ ሲቆርጡ ቢላዋው ክሮቹን አቋርጦ ይለፍ።

«በኃይለኛ እሳት የምንጠብሰው ጭማቂው እንዳይወጣ ለመዝጋት ነው»

ይህን እምነት በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ያስፋፋው ታዋቂው ጀርመናዊ ኬሚስት ዩስቱስ ፎን ሊቢግ ነው። ስሕተት መሆኑን ለማወቅ መጥበሻው አጠገብ ቆሞ ማዳመጥ ይበቃል። ሥጋው ቡናማ ቅርፊት ከያዘ በኋላም ቸስ ማለቱን አያቆምም። ያ ድምፅ ከሥጋው እየወጣ የሚተን ውሃ ነው።

የኃይለኛ እሳት ጥቅሙ ጣዕም ነው። ፈረንሳዊው ኬሚስት ሉዊ ካሚል ማያር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1912 አሚኖ አሲድ (ፕሮቲን የሚሠራበት ንጥረ ነገር) እና ስኳር አብረው ሲሞቁ የሚፈጥሩትን ለውጥ ገለጸ። የስቴክ ቅርፊት፣ የዳቦ ጀርባ፣ ቡና ሲቆላ ቤቱን የሚሞላው ሽታ ሁሉ ከዚህ ለውጥ የሚገኙ ናቸው። ለውጡ የሚፈጥነው ከ140 ዲግሪ ገደማ ጀምሮ ነው። ሥጋው ላይ ውሃ እስካለ ድረስ ግን ገጹ ከውሃው መፍያ በላይ አይሞቅም፤ አዲስ አበባ ላይ ያ 92 ዲግሪ ገደማ ነው። እርጥብ ሥጋ መጥበሻ ላይ ሲያርፍ ድምፁ መጀመሪያ ይጮኻል፣ ወዲያው ይወርዳል፣ ከሥሩ ግራጫ ውሃ ይቋጥራል፤ ከዚያ በኋላ ሥጋው ጥብስ መሆኑ ቀርቶ ቅቅል ነው። ስለዚህ በንጹሕ ጨርቅ ወይም በወረቀት ግራና ቀኙን ጥሩ አድርጎ ማድረቅ ግድ ነው። ማታውን ሳይሸፈን ፍሪጅ ውስጥ ማሳደር ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል።

የጨው ነገርም ያው ነው። ጨው በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ውሃን ወደ ላይ ይስባል፤ ከ40 ደቂቃ በላይ ከቆየ ሥጋው ያንን ውሃ ከነጨው መልሶ ይመጠዋል። ወይ ከአንድ ሰዓት በፊት፣ ወይ ልክ ወደ መጥበሻው ሲገባ ይነስነስ። መካከሉ ነው የሚጎዳው።

አንዴ ብቻ ይገለበጥ የሚለውን መተው ይቻላል። ቶሎ ቶሎ የተገለበጠ ሥጋ ቶሎም፣ እኩልም ይበስላል።

«ዘይት ከተጨመረበት ቅቤ አያርርም»

ያርራል። የሚያርረው ቅቤው ውስጥ ያለው የወተት ቅሪት ነው፤ ዘይት አይከላከልለትም። ቅቤ አንጥሮ የሚያውቅ ሰው ከድስቱ ሥር የሚዘቅጠውን ያውቀዋል። ስለዚህ በዘይት ወይም ቅመም ባልገባበት ንጥር ቅቤ መጥበስ፣ ጥሬውን ቅቤ ደግሞ በመጨረሻዋ ደቂቃ መጨመር።

«ድንቹን አንዴ መጥበስ ይበቃል»

አይበቃም። ፍሪቱ (የድንች ጥብሱ) የማን ነው በሚለው ፈረንሳይና ቤልጂየም ዛሬም ይከራከራሉ፤ ሁለቴ መጠበስ እንዳለበት ግን ሁለቱም ይስማማሉ። ድንቹ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ይዞ ይቆረጣል፤ ስታርቹ እስኪለቅ በቀዝቃዛ ውሃ ይታጠባል፤ ከዚያ በጨርቅ ይደርቃል። መጀመሪያ ከ150 እስከ 160 ዲግሪ በሞቀ ዘይት አምስት ስድስት ደቂቃ ይቆያል። ይለሰልሳል፤ መቅላት ግን የለበትም። ወጥቶ ግማሽ ሰዓት ይቀዘቅዛል፣ እንፋሎቱም ይወጣለታል። ሁለተኛው ከ180 እስከ 190 ዲግሪ፣ ሁለት ሦስት ደቂቃ ብቻ ነው። ሲገባ አረፋው ይገነፍላል፤ ውሃው እያለቀ ሲሄድ አረፋው ይሳሳል። በጭልፋ ተነሥቶ ሲንቀጠቀጥ እርስ በርሱ የሚጋጭ ደረቅ ድምፅ ካሰማ ደርሷል። ጨው ያኔውኑ ይነስነስ።

እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍታ ላይ የዘይቱን ሙቀት አሥር ዲግሪ ያህል ዝቅ ማድረግ ይሻላል፤ ካልሆነ ውስጡ ሳይበስል ውጩ ይቀላል። አንድ ኪሎ ድንች በአንድ ጊዜ መጨመርም ዘይቱን ያቀዘቅዘዋል፤ በእፍኝ በእፍኝ ነው የሚገባው። ጥሬ ድንች በፍሪጅ አይቀመጥም፤ ስታርቹ ወደ ስኳር ስለሚለወጥ ቶሎ ይጠቁራል። ድስቱም ከግማሽ በላይ ዘይት አይያዝ። ምናልባት ዘይቱ እሳት ቢነሣበት ውሃ ፈጽሞ አይፈስስበትም፤ እሳቱ ጠፍቶ ድስቱ በክዳን ይታፈናል።

«ሥጋና ድንቹን አንድ ላይ ለማድረስ ሁለት ሰው ያስፈልጋል»

የመጀመሪያው የድንች ጥብስ እንግዳ ሳይመጣ ያልቃል። ሥጋው ከሚፈለገው ሙቀት ሦስት አራት ዲግሪ ሲቀረው ከእሳት ይወርዳል፤ ቀሪውን በራሱ ሙቀት ይሞላዋል። በፐርስሊና በሎሚ የተለወሰ አንድ ቁራጭ ቅቤ ላዩ ላይ ይቀመጥና አምስት ደቂቃ ያርፋል። ድንቹ ለሁለተኛ ጊዜ ዘይት የሚገባው በዚህች አምስት ደቂቃ ውስጥ ነው።