የባዮሎጂ ፔፐር ቶፒክ ስንመርጥ የምንሸወድባቸው ነገሮች እና እውነታው

ሲኒየር ፕሮጀክት ሊጀመር ሲል በየዶርሙ ወሬው አንድ ነው፣ «ቶፒክ አገኘሽ?» «ኧረ አላገኘሁም፣ አንተስ?» እንዲህ ሲባባሉ ዴድላይኑ ይደርስና የሆነ ታይትል ተለጣጥፎ ይገባል። ፕሮፖዛል ሳነብና ተማሪ ሳማክር የማየው ነገር ቢኖር ልጆቹ ሰነፍ አለመሆናቸውን ነው፤ የሚያሳስታቸው «አሪፍ ቶፒክ» ምን እንደሆነ ከባች ወደ ባች ሲወርድ የመጣው ወሬ ነው። እስቲ ወሬውን አንድ በአንድ እንየው (ካልጠቀስኩ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)።

«ቶፒኩ ከባድ ሲሆን ነው ማርክ የሚያመጣው»

ካንሰር፣ ስቴም ሴል፣ ጂን ኤዲቲንግ ምናምን። ስሙ ያስፈራል፣ ግን በአንድ ሴሚስተር ፔፐር ስለ ካንሰር ምን ልትጨምሩ ነው? ከቴክስትቡክ ገልብጣችሁ ትጨርሳላችሁ፣ መምህሩም እንደገለበጣችሁ ያውቃል። ዳርዊንን ሁሉም የሚያውቀው በዝግመተ ለውጥ ነው፣ ሰውዬው ግን ስለ መሬት ትል የመጀመሪያ ጽሑፉን ያቀረበው በ1837 ሲሆን ሊሞት ጥቂት ወራት ሲቀሩት በ1881 ስለነሱ መጽሐፍ አሳትሟል። ትል ይሰማል ወይ ብሎ ልጁን ባሱን የሚባል የትንፋሽ መሣሪያ አስነፋ፣ ትሎቹ ምንም አልመሰላቸውም። ያሉበትን ማሰሮ ፒያኖ ላይ አስቀምጦ ፒያኖው ሲመታ ግን ንዝረቱ ተሰምቷቸው ጉድጓዳቸው ገቡ። ከዚህ የቀለለ ኤክስፐሪመንት አለ? ጥያቄው ግን መልስ አለው፣ ለዛም ነው እስካሁን የሚወራው።

«ስለ ኢትዮጵያ እንስሳና እጽዋት ሁሉም ተሠርቶ አልቋል»

ይሄ በጣም ነው የሚያስቀኝ። ቀይ ቀበሮን ውሰዱ፣ በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂዎቹ 500 አይሞሉም፣ ባሌ ተራሮች ላይ ደግሞ ተመራማሪዎች ለአሥርት ዓመታት ሲከታተሏቸው ኖረዋል። አይጥና ፍልፈል እንደሚበሉ ሁሉም ያውቃል። ከዛ በኖቬምበር 2024 ኢኮሎጂ የሚባለው ጆርናል ላይ የወጣው ጥናት ምን አለ? ቀበሮዎቹ ክኒፎፊያ የሚባለውን ቀይና ቢጫ አበባ ማሩን ይልሳሉ፣ አንዳንዱ በአንድ ዙር እስከ 30 አበባ ድረስ ይጎበኛል፣ አፍንጫውም በአበባው ብናኝ ይሞላል። ከዚህ ሁሉ ደስ የሚለኝ ግን ከጥናቱ ሰዎች አንዱ የሆኑት ፕሮፌሰር ክላውዲዮ ሲሌሮ የተናገሩት ነው፤ አበባው ጣፋጭ እንደሆነ መጀመሪያ ያወቁት የባሌ እረኛ ልጆች ሲልሱት አይተው ነው! ልጆቹ ያውቁ ነበር ማለት ነው። ቀበሮው አበባውን በትክክል ያራባል ወይስ ማሩን ልሶ ብቻ ይሄዳል የሚለው ደግሞ ገና አልተረጋገጠም፣ ክፍት ነው። እና «ሁሉም አልቋል» የሚላችሁን ሰው እንዳትሰሙ።

«ላብ (ላቦራቶሪ) ከሌለ ባዮሎጂ አይሠራም»

ካምፓሳችሁ ፒሲአር ማሽን (ዲኤንኤ የሚያባዛው) የለውም ወይም አለው ግን ሪኤጀንት (የሚሠራበት ኬሚካል) የለም፣ ገብቶኛል። ግን ዶክተር አክሊሉ ለማን አስታውሱ። በ1964 ዓድዋ ላይ ቢልሃርዚያ የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች እያጠና ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ብዛት አየ። እዚህ ጋ ለምን ሞቱ ብሎ ጠየቀ፣ በቃ ነገሩ የተጀመረው እዛ ነው። ለዚች ጥያቄ የመጀመሪያ ሙከራ የሚያስፈልገው ቀንድ አውጣ፣ ውሃና እንዶድ ነው። ከዛ በኋላ የዓመታት የላብ ሥራ መጥቷል፣ አልክድም፣ በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ያስገኘላቸውም ያ ሥራ ነው፣ ግን ቶፒኩን የሰጠው ወንዙ እንጂ ላቡ አይደለም።

የዛሬ ምሳሌ ከፈለጋችሁ አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባለዋ የከተማ ወባ ትንኝ አለች። ኢትዮጵያ ውስጥ መጀመሪያ የተገኘችው በ2016 ቀብሪደሃር ነው፣ በ2022 ድሬዳዋ ላይ ለነበረው የወባ ወረርሽኝም ስሟ ተነስቷል። እንደሌሎቹ ወባ አስተላላፊዎች ረግረግ ብቻ አትፈልግም፣ በርሜልና ሮቶ ውስጥ ትራባለች። ሰፈራችሁ ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ሁሉም ቤት በርሜል አለው አይደል? ክዳን ያለውና የሌለው በርሜል ላይ የእጭ ብዛት ስንት በስንት ይለያያል? ጭልፋ፣ ነጭ ሳህንና የእጅ ባትሪ ይበቃል። የአኖፊለስ እጭ ውሃው ላይ ጋደም ብሎ ነው የሚንሳፈፈው፣ የኩሌክስና የኤዴስ (ሌሎች የትንኝ ወገኖች ናቸው) እጭ ግን ጭንቅላቱን ወደ ታች ዘቅዝቆ ይንጠለጠላል፣ ስለዚህ ወገኑን በዓይን መለየት ይቻላል። ስቴፈንሲ ነች ወይስ ሌላ አኖፊለስ የሚለው ግን የባለሙያ ሥራ ነው፣ እሱን ፔፐራችሁ ውስጥ አትደፋፈሩበት።

«ቶፒክ ማለት ታይትል ነው»

አብዛኛው ፕሮፖዛል የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው። «የእንጀራ ፈርመንቴሽን» ብሎ የሚመጣ ተማሪ አለ። እሺ፣ ጥያቄው የታለ? ምኑን ልትለካ ነው? ይሄ ታይትል እንጂ ቶፒክ አልሆነም ገና።

እስቲ አብረን እናጥብበው። ብርድ ሲሆን ሊጥ ቶሎ አይቦካም ይባላል፣ ሁሉም ቤት ይሄን ያውቃል፣ ግን በምን ያህል ሰዓት ይዘገያል? ሊጥ ሲቦካ ባክቴሪያዎቹ ላክቲክ አሲድ ስለሚሠሩ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፣ ሲወርድ አሲዱ በዛ ማለት ነው) ከ6 አካባቢ ተነስቶ ወደ 4 ገደማና ከዛም በታች ይወርዳል። ስለዚህ አንድ ዓይነት የጤፍ ዱቄትና አንድ እርሾ ይዛችሁ ሊጡን ፍሪጅ ውስጥ፣ ክፍል ውስጥና ሞቅ ያለ ቦታ ታስቀምጣላችሁ፣ እያንዳንዱን ቢያንስ በሦስት በሦስት ዕቃ፣ ከዛ በየተወሰነ ሰዓት ፒኤች እየለካችሁ ትመዘግባላችሁ። አሁን ጥያቄ አለ፣ የሚለካ ነገር አለ፣ የሚወዳደር ነገር አለ፣ ታይትሉ ራሱ ይመጣል። ትንሽ የምትመስል ግን የምታናድድ ነገር ልጨምር፣ አብሲት ከመጣሉ በፊት ነው የምትለኩት ወይስ በኋላ? ይሄን አስቀድማችሁ ካልወሰናችሁ ቁጥራችሁ ይዘበራረቅና ዲፌንስ ላይ መጀመሪያ የምትጠየቁት እሱን ነው። እናቶች ይሄን ከማንኛችንም በላይ ያውቁታል፣ ጠይቋቸው።

«የባህል መድኃኒት ቀላልና አሪፍ ቶፒክ ነው»

ጤና አዳም፣ ዳማከሴ፣ ጦስኝ ጨምቆ ትንሽ ክብ ወረቀት (ዲስክ) ጭማቂው ውስጥ ነክሮ ሳህን ላይ ያደገ ባክቴሪያ ላይ ማስቀመጥ፣ ዙሪያው ከጸዳ «መድኃኒትነቱ ተረጋገጠ» ብሎ መጻፍ። አልተረጋገጠም! ሳህን ላይ ባክቴሪያ የሚገድል ነገር ብዙ ነው፣ በረኪናም ይገድላል፣ ግን ማንም አይጠጣውም። በዛ ላይ ቅጠሉን በኤታኖል ከዘፈዘፋችሁት የገደለው ቅጠሉ ይሁን ኤታኖሉ በምን ይታወቃል? ኤታኖሉን ብቻውን የነከራችሁበት ዲስክ ከሌለ ውጤቱ ዋጋ የለውም። ቶፒኩን አትሥሩት እያልኩ አይደለም፣ ጥያቄውን አሻሽሉት ነው የምለው፤ ለምሳሌ ሰዉ ቤቱ የሚጠቀመው በውሃ የተዘፈዘፈውን ነው፣ እናንተ ግን በኤታኖል ነው የምትሞክሩት፣ ሁለቱ ይመሳሰላሉ? ቅጠሉንም ሄርባሪየም (የደረቁ እጽዋት ናሙና የሚቀመጥበት) ወስዳችሁ አስለዩ፣ አንድ የአገር ስም ለሁለት ተክል ሊሆን ይችላል። ከባህል ሐኪም ዕውቀት ስትወስዱ ደግሞ የማህበረሰቡን መብት የሚጠብቅ አዋጅ እንዳለ አትርሱ፣ ቁጥር 482/1998 (ይሄኛው በኛው አቆጣጠር ነው)።

«የሲኒየር ፔፐር ወስዶ ከተማውን መቀየር በቂ ነው»

«የአንጀት ጥገኛ ትላትል ስርጭት በእገሌ ከተማ ተማሪዎች» የሚለው ስንቴ እንደተሠራ አትጠይቁኝ። ግን ሙሉ በሙሉ ስህተት አይደለም፣ ከተማው የሚቀየርበት ምክንያት ካለ ጥሩ ጥናት ነው። አንዱ ትምህርት ቤት መስኖ አጠገብ ሆኖ ልጆቹ ቦይ ውስጥ የሚዋኙ ከሆነ፣ ሌላው ደግሞ ደጋ ላይ የቧንቧ ውሃ ያለው ከሆነ፣ ማወዳደሩ ራሱ ጥያቄ ነው። ምክንያት ከሌለ ግን የቦታ ስም መተካት ብቻ ነው።

«ልዩነት ካልወጣ ወደቅኩ»

አትወድቁም። ክዳን ያለውም የሌለውም በርሜል እኩል እጭ ከተገኘበት ይሄ ራሱ ውጤት ነው፣ ምናልባት ክዳኑ ቀዳዳ አለው። ዳታ መፈብረክ ነው የሚጥለው።

«ቻትጂፒቲ ቶፒክ ይሰጠኛል»

ይሰጣችኋል፣ ለክላስ ጓደኞቻችሁም ያንኑ ተመሳሳይ ዝርዝር ይሰጣቸዋል። ሪፈረንስ ሲጠየቅ ደግሞ የሌለ ፔፐር ፈጥሮ ሊሰጥ ይችላል፣ ስለዚህ እያንዳንዱን ጉግል ስኮላር ላይ ፈልጉ፣ ከሌለ አውጡት።

«ቶፒኩ ከጸደቀ ሌላው ፎርማሊቲ ነው»

ከሰው ደም፣ ሰገራ ወይም መጠይቅ የምትሰበስቡ ከሆነ ኤቲካል ክሊራንስ (የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ) ያስፈልጋል፣ ልጆች ከሆኑ የወላጅ ፈቃድም ይጨመራል፣ ይሄ ሁሉ ደግሞ የሴሚስተሩን ግማሽ ሊበላ ይችላል። ቶፒኩን ከመምረጣችሁ በፊት ኮሚቴው መቼ እንደሚሰበሰብ ዲፓርትመንታችሁን ጠይቁ፤ ሩቅ ከሆነ ወደ ሊጡ፣ ወደ በርሜሉ ወይም ወደ ግቢያችሁ ዛፍ ብትዞሩ ይሻላል።