ሞተሩ ይጮኻል፣ ጉልበት ግን የለም፦ የቫልቭ ሞላ ነገር

ከድሬዳዋ ወደ ሐረር ስትወጡ ደንገጎ ዳገት ላይ ማርሽ ቀንሳችሁ ነዳጅ ትረግጣላችሁ። ከሆነ ዙር በኋላ ጩኸት ብቻ ይቀራል። ብዙ ጊዜ ሞተሩ አየር አጥሮት ነው፤ አንዳንዴ ግን ጥፋቱ የቫልቭ ሞላው ነው።

ቫልቩን (አየርና ነዳጅ የሚያስገባውን፣ ጭስ የሚያስወጣውን የሞተሩን በር) ካምሻፍቱ፣ ማለትም ካም የሚባሉ ጉብታዎች ያሉት ተሽከርካሪ ብረት፣ ይከፍተዋል፣ የሚዘጋው ሞላው ነው። ሞተሩ በደቂቃ 6000 ዙር ሲዞር እያንዳንዱ ቫልቭ በሰከንድ 50 ጊዜ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ሞላው ከደከመ ወይም ዙሩ ከአቅሙ በላይ ከሆነ ቫልቩ ካሙን ተከትሎ መመለስ ያቅተዋል፣ ሲመለስም መቀመጫው ላይ ይነጥራል፤ ያኔ መታመቅ የነበረበት አየርና ነዳጅ ያመልጣል፣ ጉልበቱም አብሮ ይሄዳል። ባስ ሲል ቫልቩ ከፒስተን ጋር ይላተማል (ቴስታታ፣ ማለትም የሞተሩን የላይ ክዳን፣ ማውረድ መጣ ማለት ነው)። ሞላው ራሱም በሆነ ዙር ላይ ክፉኛ ስለሚንቀጠቀጥ ኃይሉ ይዋዥቃል።

የሐረሮቹ ፔጆ 404 ታክሲዎች ካምሻፍታቸው ታች ነው፣ ቫልቩን የሚገፉት በዘንግ ነው። ስለዚህ ሞላው የሚመልሰው ክብደት ይበዛል፣ ከፍተኛ ዙር አይወዱም።

«ታዲያ ጠንካራ ሞላ ልግጠምበታ!» አይባልም። ካሙን ይበላል፣ ሞተሩም ለመዞር ይከብደዋል። ቴስታታ ከወረደ አይቀር የድሮውን ሞላ ከአዲሱ ጎን አቁማችሁ እዩት፤ አጥሮ ከተገኘ ደክሟል፣ ቀይሩት።