በጎልፍ ይገኛል የሚባለው «የአእምሮ ሰላም» ምንድን ነው?

ሰሞኑን አንድ ሰው በቪዲዮ ስለ ጎልፍ ሲያስረዳ ሰማሁ። «ጎልፍ አእምሮን ባዶ ያደርጋል፤ ሰላም የሚሰጠውም ለዚህ ነው» አለ። ይህን ስሰማ የመጀመሪያዬ አይደለም። አሁን ግን በዛብኝ። ሥራዬ የሥነ ልቦና ምክር ነው፤ ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ ጎልፍ እጫወታለሁ። በሁለቱም በኩል የማየው ነገር ከዚህ አባባል ጋር አይገጥምም።

እንደ ጎልፍ ሰውን የሚያበሳጭ ጨዋታ ጥቂት ነው። ኳሷ ቆማ ትጠብቃችኋለች። የሚገፋችሁ ተከላካይ የለም፤ የምታማርሩበት ዳኛም የለም። ስትስቱ ጥፋቱ የራሳችሁ ነው። ከዚያ እስከ ቀጣዩ ምት ድረስ ያን ጥፋት ይዛችሁ ትሄዳላችሁ። «ሰላም አገኛለሁ» ብሎ የወጣ ጀማሪ ኳሷን እየመታ ከሚያስገባባቸው 18 ጉድጓዶች ገና ሦስተኛው ላይ ደሙ ሲፈላ «እኔ ለዚህ አልተፈጠርኩም» ብሎ ይተወዋል። የሚያናድደኝ ይህ ነው። ሰውየው ምንም አላጠፋም፤ የተነገረው ትርጉም ነው የተሳሳተው።

የአእምሮ ሰላም የምንለው ሐሳብ ሲሄድ መመለስ መቻልን ነው።

እስቲ እረኛን አስቡ። ከብት ይሄዳል፤ የሰው ማሳ አጠገብ ከደረሰ ይገባል። ጎበዝ እረኛ የሚባለው ይህን ቶሎ አይቶ የሚመልሰው ነው። ከብቱ እንዳይሄድበት ካስማ ላይ አስሮት የሚውል አለ፤ ከብቱም ሳይግጥ ጦሙን ያድራል። «አእምሮህን ባዶ አድርግ» የሚለው ምክር ይሄው ነው። ሌላው ደግሞ ቀኑን ሙሉ እየጮኸና እየደበደበ ሲያባርር ይውላል፤ ማታ ከብቱም እሱም ዝለው ይገባሉ። በየምቱ ራሱን የሚሰድብ ተጫዋች እንደዚህ ነው። ሥራውን የለመደ እረኛ ግን ከብቱ መስኩ መሃል ሲግጥ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ዋሽንቱን ይነፋል። ወደ ማሳው ሲጠጋ ብድግ ይላል፣ ያፏጫል፣ ዱላውን ያሳያል፣ ይመልሳል። ከዚያ ተመልሶ ይቀመጣል።

ጎልፍ የሚያስለምደው ይህንን ነው። ሒሳቡን እዩት። 18ቱን ጉድጓድ በእግር ለመጨረስ አራት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። 80 ጊዜ መትቶ የሚጨርስ፣ በትርፍ ጊዜው የሚጫወት ጎበዝ ሰው ለእያንዳንዱ ምት 40 ሰከንድ ቢሰጥ እንኳ ሁሉም ተደምሮ አንድ ሰዓት አይሞላም። የቀረው ሦስት ሰዓት መንገድ ነው። በመንገዱ ከብቱ ይግጣል፤ በ40ዋ ሰከንድ ይሰበሰባል። አራት ሰዓት ሙሉ ሳያርፍ የሚያተኩር ሰው አላየሁም። ትኩረትን ማላላትና መልሶ መሰብሰብ ግን በአንድ ጠዋት 80 ጊዜ ትለማመዳላችሁ።

የመንገዱ ጥቅም ምን እንደሆነ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲዎቹ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ራቸል እና ስቲቨን ካፕላን ደህና አድርገው አስረድተዋል። ሥራ ላይ በግድ የምናውለው ትኩረት ይደክማል። ቅጠልና ደመና ደግሞ ዓይንን ሳያስገድዱ ስለሚይዙት፣ ያ የደከመው ትኩረት እስከዚያ ያርፋል። (ለዚህ ለዚህ ጎልፍ የግድ አይደለም። እንጦጦ ዛፉ መሃል መሄድም ይበቃል። ጎልፍ የሚጨምረው መልሶ መሰብሰቡን ነው።)

የሰሜን አየርላንዱን ባለሙያ ጎልፍ ተጫዋች ሮሪ ማክኢልሮይን ውሰዱ። እ.ኤ.አ. በ2011 ገና በ21 ዓመቱ፣ አሜሪካ ውስጥ ኦገስታ ላይ በሚካሄደው ትልቁ የማስተርስ ውድድር በአራት ምት እየመራ የመጨረሻው ቀን ላይ ደረሰ። ያን ቀን 80 ጊዜ መታ፤ ጥቂት ምት የመታ በሚያሸንፍበት ጨዋታ ይህ ለባለሙያ ብዙ ነው፤ ዋንጫውም ከእጁ ወጣ። በ2025 እዚያው ሜዳ ላይ በሁለት ምት እየመራ የመጨረሻውን ቀን ጀመረ። የሁለት ምት ብልጫውን በመጀመሪያው ጉድጓድ አጣው። 13ኛው ላይ ኳሱን ውሃ ውስጥ ከተታት። 18ኛው ላይ፣ ብትገባ ዋንጫውን የምትሰጠውን አንድ ሜትር ተኩል ገደማ የምትሆን ምት ሳታት፤ ከተፎካካሪው ጀስቲን ሮዝ ጋር እኩል ሆኖ ወደ መለያ ጨዋታ ሄደ። ወደ 18ኛው መነሻ ሲመለሱ ካዲው (ቦርሳውን እየተሸከመ የሚያማክረው) ሃሪ ዳይመንድ አንድ ነገር አለው፦ በዚያ ሳምንት ሰኞ ጠዋት «እዚህ ትደርሳላችሁ» ቢባሉ ኖሮ በደስታ ይቀበሉት እንደነበር። ይህን በኋላ የተናገረው ራሱ ማክኢልሮይ ነው። ከዚያ 18ኛውን ደግሞ ተጫውቶ አሸነፈ፤ ተንበርክኮም አለቀሰ።

የዚህ ሰው አእምሮ ባዶ ነበር? ያን ቀን ከብቱ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ማሳ ገብቷል። ሦስቴም ተመልሷል። ሦስተኛውን ሲመልስ ደግሞ አብሮት የሚሄድ ሰው አግዞታል፤ ይህንን ብቻውን ሰላም ለሚፈልግ ሰው ሁሉ እነግራለሁ።

«ጎልፍ ዕድሜ ይጨምራል» ለሚሉም አንድ ነገር ልበል። የስዊድኑ ካሮሊንስካ ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች ወደ 300,000 የሚጠጉ ጎልፍ ተጫዋቾችን መዝገብ አይተው፣ የሞት መጠናቸው ከሌላው ሕዝብ በ40 በመቶ እንደሚያንስ ጽፈዋል። ትልቅ ሥራ ነው። ግን የቆጠሩት ሞትን ነው፤ ሰላምን አልለኩም። ቀድሞውንም ጤነኛ የሆነ ሰው ጎልፍ ሊመርጥ እንደሚችልም መርሳት የለብንም።

ጎልፍ ሕክምናም አይደለም። ድብርት ይዞት ከአልጋ መነሳት ያቃተውን ሰው «ሜዳ ውጣ» ስትሉት፣ አለመቻሉን እንደ ስንፍና ቆጥሮ ራሱን ይበልጥ ይወቅሳል። እሱን ወደ ባለሙያ ውሰዱት።

አብረውኝ የሚጫወቱ አንድ ጋሼ ባለፈው «ሁለት ዓመት ተጫወትኩ፤ ሰላሙ የታለ?» አሉኝ። በምት መሃል ምን እንደሚያደርጉ አውቃለሁ። ካዲያቸው ቦርሳውን ተሸክሞ ከፊት ይሄዳል፤ እሳቸው ከኋላ ከቢሮ ጋር ስልክ ያወራሉ። «ስልኩን ለካዲው ይስጡትና ዝም ብለው ይሂዱ» አልኳቸው። አንገራገሩ፤ ሰጡት። ውጤታቸው ምንም አልተሻሻለም፤ በዚያ ቀን ብቻ ሦስት ኳስ ጠፋባቸው። በሁለተኛው ቅዳሜ ግን ስድስተኛው ጉድጓድ አጠገብ ቆም አሉና፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ያለፉትን ዛፍ በዱላቸው እያሳዩኝ ምን እንደሚባል ጠየቁኝ።

ብሳና ነው አልኳቸው።