የፔሌት ምድጃ የስህተት ኮድ ምንድን ነው?

የስህተት ኮድ ማለት የፔሌት ምድጃ (የታመቀ የእንጨት ፍሬ እያቃጠለ ቤት የሚያሞቅ ምድጃ) መቆጣጠሪያ ቦርድ ከአንዱ ሴንሰር የሚጠብቀውን ምልክት በጊዜው ሳያገኝ ሲቀር ወይም ከልክ ያለፈ ምልክት ሲያገኝ፣ ነዳጅ መመገቡን አቁሞ በማሳያው ላይ የሚያወጣው አጭር የፊደልና የቁጥር ጥምረት ነው። ኮዱ የሚናገረው የትኛው ምልክት እንደጎደለ ወይም ከልክ እንዳለፈ ነው፤ የትኛው ዕቃ እንደተበላሸ አይናገርም። ይህን ልዩነት ያላስተዋለ ባለቤት «የጭስ ሴንሰር» የሚል ሲያነብ አዲስ ሴንሰር ያዝዛል፣ «ፋን» የሚል ሲያነብ ፋን ያስቀይራል፤ ብዙም ሳይቆይ ያው ቁጥር ተመልሶ ይመጣል፤ ምክንያቱም መንገዱን የዘጋው አመድ ካለበት አልተነካም።

ኮዱን ለመረዳት ምድጃው እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ይቀድማል። ፔሌት ከእንጨት መሰንጠቂያ የሚወጣ ሰጋቱራ ደርቆ በከፍተኛ ግፊት በጠባብ ቀዳዳ ሲገፋ የሚገኝ፣ በአውሮፓ አብዛኛውን ጊዜ 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ድፍን የእንጨት ፍሬ ነው፤ የሚያጣብቀውም በሙቀቱ የሚለሰልሰው የእንጨቱ የራሱ ሊግኒን ነው። ይህን ነዳጅ የሚያቃጥለው የቤት ምድጃ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ጄሪ ዊትፊልድ በተባለ የአውሮፕላን መሐንዲስ ተሠርቶ ለገበያ የቀረበ ሲሆን፣ ዛሬ በተለይ በጣሊያን እጅግ የተለመደ ዕቃ ሆኗል። በእንዲህ ያሉ ቀዝቃዛ አካባቢዎች ቤት የሚከራዩ ወይም የሚገዙ ወገኖቻችን አንዳንድ ጊዜ ምድጃውን ከቤቱ ጋር ይረከቡታል፤ የአጠቃቀም መመሪያው ግን ሁልጊዜ አብሮ አይገኝም።

ፔሌቱ ከማጠራቀሚያው ተነስቶ፣ በትንሽ ሞተር በሚዞር ጠመዝማዛ ዘንግ እየተገፋ፣ ታቹ በተበሳሳ የብረት ማንደጃ ውስጥ ጥቂት በጥቂት ይወድቃል። ከማንደጃው አጠገብ ያለው ማቀጣጠያ ዘንግ እንደ ኤሌክትሪክ ምጣድ ሬዚስታንስ ይግልና በላዩ የሚያልፈውን አየር ያሞቃል፤ ያ የጋለ አየር ፔሌቱን ያያይዘዋል። ከዚያ በኋላ ሁለት ፋኖች ሥራውን ይከፋፈላሉ፤ አንዱ ጭሱን ከእሳት ክፍሉ ስቦ ወደ ጭስ ማውጫው ይገፋል፣ ሌላው የቤቱን አየር በሙቀት መለዋወጫ ቱቦዎች ላይ እያሳለፈ አሙቆ ይመልሳል። ከተራ የእንጨት ምድጃ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። በእንጨት ምድጃ ጭሱ በራሱ ሙቀት ወደ ላይ ይወጣል፤ በፔሌት ምድጃ ግን ጭሱን የሚያስወጣው በዋናነት ፋኑ ስለሆነ፣ መብራት ሲጠፋ ወይም መንገዱ ሲደፈን ጭሱ ወደ ቤት ሊመለስ ይችላል። ቦርዱ በጥቂት ጥርጣሬ ሥራ የሚያቆመውም ለዚህ ነው፤ ባለቤቱን ቢያበሳጭም ትክክል ነው።

የኮዶቹ አቆጣጠር በፋብሪካዎች መካከል ስምምነት የተደረገበት አይደለም። በብዙ የጣሊያን ምድጃዎች ላይ በሚገጠም አንድ የታወቀ የቦርድ ዓይነት ማንቂያ 1 የመብራት መቋረጥን፣ 2 የጭስ ሙቀት ሴንሰርን፣ 3 ከልክ ያለፈ የጭስ ሙቀትን፣ 4 የጭስ መሳቢያ ፋንን፣ 5 የእሳት አለመያያዝን፣ 6 የፔሌት መቋረጥን፣ 7 የሙቀት መከላከያን፣ 8 ደግሞ የአየር ግፊት ጉድለትን ያመለክታል፤ በሌላ ፋብሪካ ምድጃ ላይ ያው 5 ቁጥር ፈጽሞ ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በምድጃው ጀርባ ወይም በማጠራቀሚያው ክዳን ሥር ከተለጠፈው ሰሌዳ ላይ ትክክለኛውን ሞዴል አንብቦ የዚያኑ ሞዴል መመሪያ ከአምራቹ መፈለግ ግዴታ ነው። የጎረቤት ምድጃ ኮድ ለእርስዎ ምድጃ አይሠራም።

ቁጥሩ ይለያይ እንጂ ከበስተጀርባው ያሉት ጉዳዮች ጥቂት ናቸው፤ ከእነሱም በጣም የሚያደናግረው የአየር ግፊት ጉድለት ነው። የጭስ መሳቢያው ፋን ሲዞር በእሳት ክፍሉ ውስጥ ያለው ግፊት ከቤቱ አየር ግፊት በጥቂቱ ዝቅ ይላል። ልዩነቱ በአሥር ቤት በሚቆጠር ፓስካል የሚለካ፣ ከከባቢ አየር ግፊት አንድ ሺህኛ እንኳ የማይሞላ ነው፤ ይሁን እንጂ ከእሳት ክፍሉ ወይም ከጭሱ መንገድ በቀጭን የሲሊኮን ቱቦ የተያያዘ የግፊት ስዊች ይህን ትንሽ ልዩነት ይሰማዋል። ልዩነቱ ሲጠፋ ስዊቹ ይከፈታል፣ የመጋቢው ዘንግ ሞተር ይቆማል፣ ኮዱም ይወጣል። ልዩነቱን የሚያጠፉት ነገሮች ግን ብዙ ናቸው፦ በሩ በደንብ ሳይዘጋ ሲቀር፣ የበሩ ዙሪያ ማሸጊያ ሲያረጅ፣ የአመድ መሳቢያው ገርበብ ሲል፣ የጭስ መንገዱ በአመድ ሲሞላ፣ የፋኑ ክንፎች ጥላሸት ሲለብሱ፣ የጭስ ማውጫው ጫፍ ላይ ያለው መረብ ሲደፈን፣ ብርቱ ነፋስ ጭሱን መልሶ ሲገፋ። ደህና በታሸገ ቤት ውስጥ የወጥ ቤቱ አየር መሳቢያ እንኳ ምድጃው የሚፈልገውን አየር ሊሻማው ይችላል፤ ኮዱ በምግብ ማብሰያ ሰዓት ብቻ የሚመጣ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው እሱ ነው።

ሁሉም ከመነካቱ በፊት ያችን ቀጭን ቱቦ ማየት ይጠቅማል። ቱቦዋ ከምድጃው አካል ጋር በምትገናኝበት ቦታ ያለው የብረት አፍ ስስ ሽቦ የሚያስገባ ብቻ ስለሆነ፣ ጥቂት የአመድ ብናኝ ይደፍነዋል። ምድጃው ፍጹም ቀዝቅዞ ከኮረንቲ ከተነቀለ በኋላ ቱቦዋን ከስዊቹ ላይ መንቀል፣ በብረቱ አፍ ውስጥ የተቃና የወረቀት መያዣ ሽቦ ማስገባትና ማዟዟር፣ ቱቦዋንም ጎንበስ አድርጎ የተሰነጠቀ ወይም በሙቀት የቀለጠ ቦታ እንዳለባት መመልከት ይበቃል። ወደ ስዊቹ በአፍም ሆነ በኮምፕሬሰር አየር መንፋት ግን አይገባም፤ ውስጡ ያለው ስስ ሽፋን ይቀደዳል፣ ያን ጊዜ በእርግጥ አዲስ ስዊች መግዛት ግድ ይሆናል። የበሩን ማሸጊያ፣ መካኒኮች ጓርኒሲዮን የሚሉትን፣ ለመፈተን ደግሞ አንድ ቁራጭ ወረቀት በበሩ ጠርዝ አስገብቶ መዝጋትና መሳብ ነው፤ ወረቀቱ ያለ ትግል ከወጣ በዚያ ቦታ አየር ይሾልካል። ዙሪያውን በየጥቂት ጣት ርቀት መሞከር ያስፈልጋል፤ በማጠፊያው በኩል ጥብቅ ሆኖ በእጀታው በኩል የላላ በር ብዙ ነው።

ሁለተኛው ተደጋጋሚ ኮድ እሳት አልተያያዘም የሚለው ነው። በብዙ ሞዴሎች ቦርዱ እሳቱን በዓይን አያይም፤ በጭሱ መንገድ ላይ የተሰካው ሴንሰር በተወሰኑ ደቂቃዎች ውስጥ የተወሰነ ሙቀት ላይ መድረሱን ብቻ ነው የሚጠብቀው። ሴንሰሩ የአመድ ካባ ከለበሰ ሙቀቱ ዘግይቶ ይደርሰዋል፤ ስለዚህ በመስታወቱ በኩል እሳቱ ደህና ሲነድ እየታየ ማሳያው «አልተያያዘም» ሊል ይችላል። ሴንሰሩን በለስላሳ ጨርቅ መጥረግ ብቻውን ይህን የሚፈታበት ጊዜ አለ። እሳቱ በእርግጥ ሳይያያዝ የቀረ እንደሆነ ግን ማንደጃው መታየት አለበት፦ ቀዳዳዎቹ ተደፍነው፣ ወይም ማንደጃው ከታቹ በወደቀ ፍርፋሪ ምክንያት በቦታው በትክክል ሳይቀመጥ ቀርቶ ከማቀጣጠያው ጋር ሳይገጣጠም እንደሆነ። ይህ ሁሉ ደህና ከሆነ ማቀጣጠያው በቴስተር ይለካል። 300 ዋት ማቀጣጠያ በ230 ቮልት መስመር ላይ ወደ 176 ኦም፣ በአሜሪካው 120 ቮልት መስመር ላይ ደግሞ 48 ኦም ገደማ ሊያሳይ ይገባል፤ ቴስተሩ ምንም ግንኙነት የለም ካለ ማቀጣጠያው ተቃጥሏል። ልኬቱ የሚደረገው ምድጃው ከኮረንቲ ተነቅሎና የማቀጣጠያው ሽቦ ከቦርዱ ተለይቶ ነው።

እዚህ ላይ አንድ አደገኛ ልማድ አለ። ምድጃው ሳይያያዝ ሲቀር ማንደጃው በጥሬ ፔሌት ይሞላል፤ ብዙ ሰው ያንን ሳያወጣ ማስነሻውን ደግሞ ይጫናል። በክምሩ ሥር የሚጨሰው ፔሌት የእሳት ክፍሉን በሚቀጣጠል ጋዝ ይሞላዋል፤ ነበልባሉ በድንገት ሲነሳ ጋዙ ቦግ ብሎ በሩን ሊከፍት፣ መስታወቱንም ሊሰብር ይችላል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ያልተሳካ ሙከራ በኋላ ማንደጃው ባዶ መሆን አለበት። የወጣውም ፔሌት ወደ ማጠራቀሚያው አይመለስም፤ ውስጡ ፍም ሊኖር ይችላልና።

የሙቀት መከላከያ ኮድ ብዙ አያከራክርም። የቤቱን አየር የሚነፋው ፋን በአቧራና በቤት እንስሳት ፀጉር ሲታፈን ሙቀቱ መውጫ ያጣል፣ ከማጠራቀሚያው አጠገብ ያለው መከላከያም ይዘልላል፤ ማለትም ኮረንቲውን ቆርጦ መጋቢውን ያቆማል። ፋኑን አጽድቶ፣ ምድጃው ከቀዘቀዘ በኋላ በጀርባው በኩል በትንሽ ክዳን የተሸፈነችውን ቁልፍ መጫን ነው።

ወደ ጽዳቱ ስንመጣ፣ የመጀመሪያው ሥራ መጠበቅ ነው። ምድጃው በራሱ የማጥፋት ሂደት እስከ መጨረሻው ሄዶ መቀዝቀዝ አለበት፤ ሶኬቱን በመሐል መንቀል ፋኑን ስለሚያቆመው ጭሱን በቤት ውስጥ ያስቀራል። አመድ ፍምን ከአንድ ቀን በላይ ሸሽጎ ሊያቆይ ስለሚችል የቤት ምንጣፍ የሚጸዳበትን ቫኪዩም መጠቀም አይገባም፤ ፍሙ ከረጢቱን ያቃጥላል፣ የደቀቀው አመድም በማጣሪያው አልፎ ቤቱን ይሞላል። ለዚህ ተብሎ የተሠራ የብረት በርሜል ያለው የአመድ ቫኪዩም አለ። የወጣው አመድ ክዳን ባለው የብረት ባልዲ ሆኖ ከቤት ውጭ፣ እሳት በማይዘው መሬት ላይ ይቀመጣል፤ ከእንጨት በተሠራ በረንዳ ላይ አይቀመጥም።

ከዚያ ማንደጃው ወጥቶ ይፋቃል። በታቹ የሚገኘው እንደ ብርጭቆ የጠነከረ ቅርፊት አመድ ቀልጦ የተጋገረ ነው፤ የዛፍ ልጣጭና አሸዋ የተቀላቀለበት ፔሌት ሲነድ በብዛት ይፈጠራል፣ ቀዳዳዎቹንም አንድ በአንድ ይዘጋል። እያንዳንዱን ቀዳዳ በሽቦ መክፈት አሰልቺ ቢሆንም ከጽዳቱ ሁሉ ብዙ ውጤት የሚሰጠው ይኸው ነው። ቀጥሎ ከእሳቱ ኋላ ያሉት መከለያ ብረቶች ይወጣሉ፤ አብዛኛው ሰው እስከዚህ አይሄድም፣ የሚደፈነውም ከዚህ ወዲያ ነው። ከመከለያዎቹ ጀርባ ያሉት የአመድ ጉድጓዶች፣ የሙቀት መለዋወጫ ቱቦዎቹ፣ የጭስ መሳቢያው ፋን ክንፎች፣ ጭስ ማውጫው ከምድጃው ወጥቶ የሚታጠፍበት ክርን ሥር ያለው ክዳን፣ የአየር መግቢያው አፍ፣ ሁሉም ይጠረጋሉ። በማጠራቀሚያው ታች የተከማቸው ደቃቅ ሰጋቱራም ይወጣል፤ የመጋቢውን ዘንግ የሚያንቀው እሱ ነው። ማንደጃው በየከረጢቱ፣ የአመድ መሳቢያው በየሳምንቱ ገደማ፣ የጭስ መንገዱ ደግሞ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ መጽዳት አለበት፤ ሞዴሉ ከዚህ ቀርቦ የሚፈልግ ከሆነ የመመሪያው ቃል ይበልጣል።

የጽዳቱን ድግግሞሽ የሚወስነው ከምድጃው ይልቅ ነዳጁ ነው። በአውሮፓ ኤን ፕላስ ኤ1 የሚል ማኅተም ያለው ፔሌት አመዱ ከ0.7 በመቶ መብለጥ የለበትም፤ ከአንድ 15 ኪሎ ከረጢት ቢበዛ 105 ግራም ማለት ነው። የቢ ደረጃው ግን እስከ 2 በመቶ፣ ማለትም 300 ግራም ሊሆን ይችላል። ረከስ ያለውን ፔሌት የገዛ ሰው ልዩነቱን በጽዳት ይከፍለዋል። እርጥበት የገባው ፔሌት ደግሞ ያብጥና ወደ ሰጋቱራነቱ ይመለሳል፤ እንዲህ ያለውን ወደ ማጠራቀሚያው አለመጨመር ነው።

ከጽዳት በኋላ ኮዱን በመመሪያው መሠረት አጥፍቶ ምድጃውን ሲያስነሱ ነበልባሉን መመልከት ይገባል። አጠር ያለ፣ ፈጣንና ደማቅ ነበልባል አየሩ በቂ መሆኑን ያሳያል፤ ረዘም ብሎ በዝግታ የሚወዛወዝ፣ ጫፉ የሚጨስና መስታወቱን የሚያጠቁር ከሆነ መንገዱ አሁንም የተደፈነበት ቦታ አለ። አንዳንዶች በዚህ ጊዜ ትዕግሥታቸው አልቆ የግፊት ስዊቹን ሁለት ሽቦዎች በቀጥታ ያገናኛሉ፤ ምድጃውም ይነሳል። ያደረጉት ግን ጭስ ወደ ቤት ሲመለስ ነዳጁን የሚያቆመውን ብቸኛ ዘብ ማሰናበት ነው፤ በዝግ ክፍል የሚጨስ ከሰል ሰው የሚገድልበት ካርቦን ሞኖክሳይድ ከዚህም ይወጣል፣ ሽታም የለውም። የጋዙ ማንቂያ መሣሪያ ምድጃው ባለበት ፎቅና በመኝታ ክፍሎች አጠገብ መኖር አለበት።

ከሙሉ ጽዳት በኋላ ያው ኮድ ከተመለሰ ዕቃው በእርግጥ ተበላሽቷል ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነው፤ ግፊቱን በማኖሜትር፣ የፋኑን ፍጥነትና የቦርዱን ውጤት በመሣሪያ የሚለካ ባለሙያ መጥራት ያስፈልጋል። ለባለሙያው ሞዴሉን፣ ምድጃው ከተነሳ በስንተኛው ደቂቃ ኮዱ እንደሚወጣ፣ በዚያን ጊዜ ነበልባል ይታይ እንደነበር፣ መጋቢው ዘንግ ይዞር እንደነበርና መጨረሻ የተጸዳው መቼ እንደሆነ ከነገሩት፣ የትኛውን መለዋወጫ ይዞ መምጣት እንዳለበት ከቤቱ ሳይወጣ ሊገምት ይችላል።